ከአየር ጠባይ በቀር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሼ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስ በሙሉ ጤና ታግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እንደ ወትሮው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ኪኒን ስቆጥርና «ከምግብ በኋላ» ስል እውላለሁ።

ደብዳቤውን ወደ ቤት ሳይሆን ወደሚሠሩበት ማተሚያ ቤት የላኩት፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር አባባ አጠገብዎ ተቀምጦ ሁሉንም ስለሚሰማ ነው። ይህን ነገር ደግሞ ለጊዜው እንዳይሰማው እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይለት ለመሆን ትምህርት ጀምሬያለሁ። ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ የማንንም እጅ አላየሁም። መሪ ገና አልጨበጥኩም፤ አሁን የምታገለው ከወረቀቱ ጋር ነው። አሥራ ሦስት የንድፈ ሐሳብ ፈተና አለ፤ የአየር ሕግ፣ ሞተር፣ መሣሪያዎች፣ አቅጣጫ ማወቂያው ናቪጌሽን፣ የአየር ጠባይ፣ ምኑ ቅጡ። መጻሕፍቱን አልጋዬ አጠገብ ስደረድራቸው እንደ አጭር ሰው ቆመው ያዩኛል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አነባለሁ፤ ያነበብኩትን በማግስቱ ስፈልገው የለም።

ቤታችን ውስጥ እርስዎ ባሉበት «አውሮፕላን» የሚባል ቃል እንደማይነሳ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አባባ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ ባይኖረውም የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዙን ያስነሳ ነበር። እርስዎ ድምፁን እንዳይሰሙት መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን መጠየቄ ድፍረት ነው። ግን ከዘመዶቻችን ሁሉ ይህን ፈተና ተቀምጦ ያለፈ፣ ትልቅ አውሮፕላንም ያበረረ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅር ካላለዎት ይንገሩኝ፤ እንዴት ነው የሚጠናው? ከየት ይጀመራል?

ጉልበትዎን ስማ የምትሰናበት፣
የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 28

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶ ነው። ማተሚያ ቤቱ የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ ይዟል፤ እርማቱ እኔ ላይ ወድቆ ዓይኔ ፊደል ሲለቅም ይውላል።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ እኔ ከተውኩት ብዙ ጊዜ ሆነ። መጻሕፍቱም መሣሪያውም ተለውጧል። አስተማሪዎችሽን ጠይቂ፤ ለዚሁ ነው የተቀመጡት።

ለአባትሽ አልነግርም። ከጠየቀኝ ግን ወንድሜን አልዋሸውም። እስካሁን አልጠየቀኝም። እሱ ደህና ነው፤ የትምህርት ቤት ወንበር እንዲሠራ ታዞ አቧራ ለብሶ ይውላል።

በርቺ።
አጎትሽ

ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። አሥራ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። ከአንድ ሥር የበቀሉትን ለይተሽ አብረሽ ያዢ። አውሮፕላን ለምን እንደሚነሳ ያልገባው ሰው፣ ለመነሳት ምን ያህል መንደርደሪያ እንደሚፈልግ ሲያሰላ ቁጥሩን ያገኝ ይሆናል እንጂ አያምነውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ለእርስዎ ጤና፣ ለዓይንዎም ዕረፍት እመኛለሁ። ፖስታውን መልሰው ስለ ከፈቱት አመሰግናለሁ። መጨረሻ ላይ የጻፏት ከላይኛው ሁሉ በለጠችብኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። መጻሕፍቱን ከአልጋዬ አጠገብ አንስቼ እንደ ዘመድ አዝማድ ለያየኋቸው። አነሳሱን፣ አቅሙን፣ ክብደትና ሚዛኑን፣ የጉዞ ዕቅዱን በአንድ ወገን። ናቪጌሽንና የአየር ጠባይን ጎን ለጎን። ስለ ሰው አካልና አእምሮ በበረራ ላይ የሚያወራውን ብቻዬን ሳቅሁበት፤ ግማሹ የየቀን ሥራዬ ነው። የአየር ሕጉን ደግሞ አውቶቡስ ስጠብቅ በጥቂት በጥቂቱ እንድቆረጥመው ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩት።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጎማ መሸጫ ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ነው። ታች ጎማ ሲነፋ እላይ አስተማሪው ስለ ግፊት ያወራል። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ «ካሴት» እንለዋለን። ከዚህ በፊት የወጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች አሉ፤ እሱ መጽሐፍ ሳይገልጥ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው በቃሉ ይዟል። «መግባቱ ምን ያደርግልሻል? ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁለተኛውን ምረጪ፣ በቃ» ይለኛል። እስካሁን የተፈተነውን ሁሉ አልፏል። እኔ ምን ላድርግ?

ሌላው፣ ከፍታ መለኪያው። ግፊቱ ከፍ ካለበት ቦታ ዝቅ ወዳለበት ስንበር መሣሪያው ይሳሳታል ይላሉ። ወዴት እንደሚሳሳት በቃሌ ይዣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ፈተና ላይ ሲሆን በቃል የያዝኩትም ይገለበጥብኛል።

አባባ እንዴት ነው? ወገቡን ያመዋል ወይስ ተሻለው?

ናፋቂዎ

ጥር 22

ይድረስ ለለምንዬ፤

ጤናና ብርታት ይብዛልሽ። በዚህ ስም ከጠራሁሽ ቆየሁ አይደል? ገና በቅጡ ሳትራመጂ፣ የቀረበልሽን ሁሉ «ለምን?» ስትዪ ነበር ስሙን ያወጣሁልሽ።

መጀመሪያ ከፍታ መለኪያው። ይህ መሣሪያ ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ «ወጣን» ይላል፤ ሲጨምር «ወረድን» ይላል። እንግዲህ ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ስትሄጂና መሣሪያውን ሳታስተካክዪ ስትቀሪ፣ መርፌው «ወጣሽ» ሊልሽ ይጀምራል። አንቺ ደግሞ ባለበት እንዲቆም ቀስ እያልሽ ትወርጃለሽ። ወደ መሬት እየቀረብሽ እሱ «እዚያው ነሽ» ይልሻል። ሲያሞግስ እንደሚውል ወዳጅ ነው፤ ከሆንሽው በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራልሽ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ተራራ ባለበት ያስገድላል። አሁን ይህን በቃልሽ አትያዢው። ከገባሽ አይገለበጥብሽም።

ስለ ካሴት ልንገርሽ። የድሮ ጥያቄ መሥራት መጥፎ አይደለም፤ መስታወት ነው። መስታወት ግን አይበላም። መጀመሪያ ምዕራፉን አንብቢ፤ መጽሐፉን ዝጊ፤ ነገሩን ምንም ለማያውቅ ሰው በራስሽ አፍ አስረጂ። የተደናቀፍሽበት ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው፤ ተመለሺ። ከዚያ በኋላ በጥያቄዎቹ ፊትሽን እዪ። በጥያቄው የጀመረ ሰው መልሱን ያስታውሳል፤ ፈታኙ አንድ ቃል የለወጠ ቀን ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መርሳትሽንም እንደ ነውር አትቁጠሪው። ዛሬ ያነበብሽውን ነገ መጽሐፉን ሳትገልጪ ራስሽን ጠይቂ። ከሳምንት በኋላ ድገሚው፤ ከወር በኋላ እንደገና። ተረስቶ የተመለሰ ነገር ሁለተኛ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀመጠው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መጽሐፍ አትንኪ። እኔ ያን ቀን ልብሴን አጥብ ነበር።

ስትሳሳቺ ስህተትሽን ለዪው። ያላወቅሽው ነው? ወይስ እያወቅሽ ጥያቄውን በደንብ ያላነበብሽው? ወይስ የቸኮልሽው? የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ይህንን ለመድኃኒት ቤት ሰው አላስተምርም። እኔ እዚህ እርማት ስሠራ ገጹን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው አነባለሁ። ከላይ ወደ ታች ካነበብኩ ዓይኔ የሚጠብቀውን እንጂ የተጻፈውን አያይም። «ትክክል የሆነው የቱ ነው» እና «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» በሚሉት መሀል ብዙ ጎበዝ ሰው ወድቆ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ። የአየር ጠባይን ፈተና ተቀምጠሽ አይደለም ወይ? ገና የሚጀምር ሰው እንዲህ አይጠይቅም። እንዲህ የሚጠይቅ አንዴ የተመታ ሰው ነው።

አባትሽ ከኮቴ ኪስ የወጣውን ፖስታሽን አይቶ «ከልጄ ጋር ስለ ምን ትጻጻፋላችሁ?» አለኝ። «ስለ አየር ጠባይ» አልኩት። «እዚያ ብርድ ነው መሰለኝ» ብሎ ብርድ ልብስ ሊገዛልሽ ወጣ። የነገርኩት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

አጎትሽ

የካቲት 30

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ከእርስዎ የሚሸሸግ ነገር የለም። አዎ፤ መጀመሪያ ስጽፍልዎ አንዴ ወድቄ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ እንደገና ተቀመጥኩ፤ አሁንም ወደቅኩ። ሌላውን እያለፍኩ ነው። ሕጉን፣ ሞተሩን፣ መሣሪያዎቹን፣ የሰው አካሉን፣ ናቪጌሽንን ሳይቀር አልፌያለሁ። ከአየር ጠባይ በቀር።

ደንቡን ያውቁታል፤ ምናልባት በእርስዎ ጊዜ ሌላ ነበር። አሁን አንድን ትምህርት አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚቀመጡት። አራተኛው ላይ የወደቀ ሰው ያለፋቸውም ሁሉ ይሰረዙና ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ከዜሮ የምጀምርበት አቅም ያለኝ አይመስለኝም።

እንዳሉኝ ማስረዳት ጀምሬያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ ናት። እሁድ እሁድ የራሷን ፀጉር ስትጠቀልል ወንበር ስቤ ሞቃት አየር በቀዝቃዛ አየር ላይ እንዴት እንደሚወጣ እነግራታለሁ። በመጀመሪያው ቀን «እሺ፣ ደመናውስ ከየት መጣ?» አለችኝ። ያን ቀን ነው እንዳልገባኝ ያወቅኩት። አሁን ግን እሷም ሰማዩን አይታ ለደንበኞቿ «ነገ ይዘንባል» ማለት ጀምራለች፤ ሁለቴ ተሳክቶላታል።

ካሴት ናቪጌሽንን ወደቀ። አንጀቴን በላኝ፤ ያጠናው ጥያቄ አንድም አልመጣለትም። አሁን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ከሥሩ ይጀምራል።

ብርድ ልብሱ ደርሶኛል። ለአባባ አመሰግናለሁ ይበሉልኝ። ለብሼው ስተኛ ግን ይከብደኛል።

ሦስተኛውን ሚያዝያ ላይ እቀመጣለሁ።

ልጅዎ

ሰኔ 3

ለለምንዬ፤

የትም ብትሆኚ ሰላም ይክበብሽ። ሚያዝያም አለፈ፤ ግንቦትም አለፈ፤ ደብዳቤሽ አልመጣም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ፖስታ የሚያመጣው ሰው በሩ ላይ ሲታይ ብዕሬን እያስቀመጥኩ ነው።

አባትሽ «ስትደውል ድምጿ ልክ አይደለም፤ አሟት ይሆን?» ይለኛል። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት። ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ ለሁለተኛው ምላስ የለኝም።

የሆነው ሁሉ ቢሆን ጻፊልኝ። ማለፍሽን አልጠየቅኩም። መኖርሽን ነው የጠየቅኩት።

አጎትሽ

ሰኔ 25

ይድረስ ለጋሼ፤

ስላስጨነቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛውንም ወደቅኩ። በጥቂት ነው፤ ግን ጥቂቱም መውደቅ ነው። ከፈተናው አዳራሽ ወጥቼ አውቶቡስ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ፤ የት እንደሄድኩ አላስታውስም። መጻሕፍቱን አልጋ ሥር ከትቻቸዋለሁ። ጠዋት መንቃቴ ግን አልቀረም፤ ነቅቼ ግድግዳ አያለሁ።

የተረዳሁት አለ፤ ሲያስረዱኝ ይገባኛል፤ ለፀጉር ሠሪዋ ስነግራት አልደናቀፍም። የፈተናው ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ትክክለኛውን እመርጥና እንደገና እጠራጠራለሁ፤ እለውጠዋለሁ። ቤት መጥቼ ሳየው የለወጥኩት ሁሉ መጀመሪያ ልክ ነበር።

አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረኝ። ልተወው አስባለሁ። መድኃኒት ቤቱ መጥፎ ሥራ አይደለም።

ከመተዌ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ማንም ጠይቆዎት የማያውቀውን። ያን ሁሉ አጥንተው፣ ያን ሁሉ አልፈው፣ አንድ ቀን ተወሰደብዎ። መጨረሻውን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ይጀምሩት ነበር?

ልጅዎ

ሐምሌ 14

ይድረስ ለልጄ፤

ልብሽ ይረፍ፤ ሰላም ይሁንልሽ።

ጥያቄሽን ይዤ ሰነበትኩ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ያልሽው ልክ ነው። ለማንም ስላልነገርኩት ከየት እንደምጀምር እንኳ አላውቅም፤ እንደመጣልኝ ልንገርሽ።

የተለመደ የጤና ምርመራ ነበር። በማግስቱ በረራ ነበረኝ። ሐኪሙ የልብ ምቴን የሚያሳየውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አየውና «ካፒቴን፣ እስቲ ይቀመጡ» አለኝ። «ምንም አላመመኝም» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልበረርኩም።

ቤት መጥቼ ተኛሁ። ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ እኔ ተኝቻለሁ። እግሬ ደህና ነበር፤ የምነሳበት ምክንያት ነው የጠፋኝ። እናትሽ ገና መሞቷ ነበር፤ አባትሽ አንቺን ሕፃኗን በአንድ እጁ ይዞ እኔን በሌላው ያጎርሰኝ ነበር። ያጥበኝ ነበር። ጎልማሳ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ፀሐይ ላይ ያወጣ ነበር፤ ከላይ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ መልሶ ያስገባኛል። መጋዙን ያመጣው በኋላ ነው። አንድ ቀን አዝሎኝ ሲሄድ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁት። አፈርኩ። በማግስቱ በእግሬ ቆምኩ። ማተሚያ ቤቱንም ያገኘልኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አባትሽ ይህን ሥራ ቢጠላ ክፋት አይደለም። አውሮፕላን ለእሱ ወንድሙን አልጋ ላይ የጣለ ነገር ነው።

መጨረሻውን ባውቅ እጀምረው ነበር ወይ? አዎ። ለሌላ ሰው እንዲህ አልልም። ጎህ ሲቀድ ከደመናው በላይ መውጣት፣ ከታች ያለው ሰው ገና ጨለማ ውስጥ እንዳለ ማወቅ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁሉ በእኔ እጅ ተኝተው መሄዳቸው። ያን ማንም አልወሰደብኝም። የወሰዱብኝ ነገን ነው፤ ትናንትን አይደለም።

አሁን ወደ ፈተናሽ። አንቺ የአየር ጠባይ አያቅትሽም። ሁለት ሸክም ይዘሽ ስለምትቀመጪ ነው። አንዱ ፈተናው ነው፤ ሌላው አባትሽ ነው። መልሱን መርጠሽ የምትጠራጠሪው «ብወድቅ ምን ብዬ እነግረዋለሁ፣ ባልፍስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ» እያልሽ ነው። ሸክሙን አንዱን አውርጂ። ከመቀመጥሽ በፊት ጻፊለት። እኔ አልነግርልሽም፤ ይህ ያንቺ ነው።

ፈተናው ላይ ደግሞ አንድ ሕግ ያዢ። የመረጥሽውን መልስ የምትለውጪው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ስትችዪ ብቻ ነው። ፍርሃት ምክንያት አይደለም። የከበደሽን ዝለዪው፤ ቀላሉን ጨርሰሽ ተመለሺበት። በዋዜማው አታንብቢ። ተኚ።

አልጋ ሥር ያሉትን መጻሕፍት ደግሞ አውጪያቸው። አልጋ ሥር ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።

አጎትሽ

ነሐሴ 2

ይድረስ ለጋሼ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት።

ለአባባ ዛሬ ጽፌያለሁ። ሁሉንም፤ ሦስት ጊዜ መውደቄን ጨምሮ። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ እጄን ማውጣት ከብዶኝ ቆምኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት «ገብቷል እኮ» አለችኝ።

ፈተናው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። መጻሕፍቱ ወጥተዋል። ስልክ መደወል ግን እሱ መልስ እስኪሰጠኝ ፈርቻለሁ።

ልጅዎ

ነሐሴ 24

ይድረስ ለለምንዬ፤

እንደምን ከረምሽ? እዚህ የሆነውን ልንገርሽ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ደብዳቤሽን አባትሽ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ አነበበው። አጣጥፎ ከእርሳሱ ጋር ደረት ኪሱ ከተተው፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለምሳ አልመጣም። እራት ላይም አንድ ቃል አልወጣውም። በማግስቱም እንዲሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠራው ስገባ አንድ ሳንቃ ይልጋል። መላጊያውን ሲገፋ ፍቅፋቂው እንደ ወረቀት እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሳንቃው ሲጀምረው የጠረጴዛ ገበታ ሊሆን ነበር፤ እኔ ስደርስ ለመሳቢያ ታች እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ቀና ሳይል «ታውቅ ነበር» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ስለ አየር ጠባይ ነው የምንጻጻፈው ያልከኝ።»

«ስለ አየር ጠባይ ነበር።»

ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ተወው። መላጊያውን አስቀመጠ። እኔ ቁጣ ስጠብቅ እሱ የተናገረው ሌላ ነው።

«ፈተናውን አይደለም የምፈራው» አለኝ። «ታልፈዋለች፤ ልጄን አውቃታለሁ። የምፈራው ካለፈች በኋላ ያለውን ነው። አንድ ቀን አንድ ሐኪም ተቀመጪ ሲላት እኔ አርጅቻለሁ። አንተን ተሸክሜሃለሁ። እሷን ማን ይሸከማታል?»

«እኔ» አልኩት።

አየኝ። ስለ ልቤ ሊያነሳ እንደሆነ ገባኝና ቀደምኩት። «ሐኪሙ አትብረር አለኝ እንጂ አትሸከም አላለኝም።»

ከዚያ ሱሪውን አራግፎ በእንጨት ክምሩ ጀርባ ገባና አንድ ሣጥን እየጎተተ ወጣ። መጻሕፍቴ ናቸው፤ ልጄ። ያኔ አቃጥላቸው ብዬው ነበር፤ አቃጠልኳቸው ብሎኝም ነበር። ለካ በቤታችን የዋሸሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አቧራውን በክርኑ ጠረገና እፊቴ ቁጭ አለ።

«እስቲ አስረዳኝ» አለኝ። «ይህ ሦስቴ የጣላት ነገር ምንድን ነው? ስትደውል ምን ብዬ እንደምጠይቃት እንኳ አላውቅም።»

ከግፊት ጀመርኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ አንድ አንድ ምዕራፍ እንይዛለን። መጻሕፍቱ አርጅተዋል፤ ደመናው ግን ያው ነው። ትናንት ውርጭ በክንፍ ላይ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ነገርኩት፤ ለምን፣ ታዲያስ፣ እሱስ ለምን እያለ እራታችን ቀዘቀዘ። ያን ጠባይሽን ከማን እንደ ወረስሽው ይኸው አሁን ገባኝ።

ደብዳቤ መጻፍ አይሆንለትም፤ ታውቂዋለሽ። ደውዪለት። እየጠበቀሽ ነው።

አጎትሽ

መስከረም 21

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ደስታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስዎ። ቀድሜ ለአባባ በመደወሌ አይቀየሙኝ።

ከፈተናው በፊት ደውዬለት ነበር። ስለ መደበቄ አንድም ቃል አላነሳብኝም። ጉሮሮውን ጠርጎ «ወደፊት የሚገፋ የቀዝቃዛ አየር ግንባር ከሞቃቱ ለምን ይፈጥናል?» አለኝ። ከመጽሐፍ እያነበበ እንደሆነ ያስታውቃል። ስመልስለት ለሌላ ሰው «ልክ ናት?» ሲል ሰማሁ፤ እርስዎ «ልክ ናት» ሲሉም ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተኛሁ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመት አልፎኛል።

ፈተናው ላይ እንዳሉኝ አደረግኩ። የከበደኝን ዘለልኩ። ሰባት መልስ ልለውጥ ፈልጌ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የቻልኩት ለአንዱ ብቻ ነበር፤ እሱን ለወጥኩ፤ ሌላውን ተውኩት። «ያልሆነው» የምትለዋን ቃልም አንድ ቦታ ላይ ልዘላት ስል ያዝኳት። ካሴት ጥግ ላይ ተቀምጦ ናቪጌሽኑን ይፈተን ነበር። ስንወጣ ስለ ጥያቄው ላናወራ ተስማምተን፣ ስለ ጎማ እያወራን አውቶቡስ ጠበቅን።

ውጤቱ የመጣው ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ታካሚ ፊቴ ቆሞ ስለ ነበር መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ «ከምግብ በኋላ» ብዬ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አየሁት። አልፌያለሁ። በብዙ አይደለም፤ ግን አልፌያለሁ። ካሴትም አልፏል።

ለአባባ ደውዬ ነገርኩት። «ምን ይቀርሻል?» አለኝ።

«አንድ ብቻ፤ እስካሁን ያልተቀመጥኩት ክብደትና ሚዛን» አልኩት። ጭነቱና ሰው የት የት ቢቀመጥ አውሮፕላኑ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ስሌት እንደሆነ ነገርኩት።

«እሱን አጎትሽ እስኪያስረዳኝ አልጠብቅም» አለኝ። «ዛሬ ራሴ ገልጬ አነበዋለሁ። እሁድ ደውዪ፤ እኔ እጠይቅሻለሁ፣ እሱ ያርመናል።»

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጀምሬያለሁ። እናንተም የደረሳችሁበትን ጻፉልኝ።

ሁለታችሁንም የምትወድ፣
ልጃችሁ